ደራሲና ተራኪ፦ የበዓሉ ግርማ ሕይወት ከ«ኦሮማይ» አንጻር

ከአዳማ ተነሥቶ በነባሩ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሞጆን፣ ቢሾፍቱንና ዱከምን አልፎ ቃሊቲ ይደርሳል። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰው ደራሲ በዓሉ ግርማ መኪናው ቆማ የተገኘችው በዚሁ መስመር፣ ቃሊቲ አካባቢ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሆነን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ለምናጠና ሰዎች መንገዱ የዘወትር መመላለሻችን ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ደራሲውን ወደዚያ ቀን ያደረሰውን ሕይወት በሁለት መሠረታዊ የልብ ወለድ ቃላት፣ «ደራሲ» እና «ተራኪ» በሚሉት፣ መነሻነት ይቃኛል።

በዓሉ በ1930ዎቹ መባቻ በኢሉባቦር፣ ሱጴ፣ ከሕንዳዊ ነጋዴ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። በጄኔራል ዊንጌት ተማሪ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ። ወደ አገሩ ተመልሶ «መነን» መጽሔትንና «አዲስ ዘመን» ጋዜጣን ጨምሮ በልዩ ልዩ ኅትመቶች በአዘጋጅነት ሠራ፤ በደርግ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደረሰ። በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር»ን ካሳተመ ጀምሮ መንግሥት የሚናገርበትን ቋንቋ በቀን ሲያዘጋጅ፣ ያ ቋንቋ የማይነግረውን በልብ ወለድ ሲጽፍ ኖረ ማለት ይቻላል።

በ1972 ዓ.ም. የታተመው «ደራሲው» ለጉዳያችን ቅርብ ነው። ሲራክ የተባለው ዋና ገጸ ባሕርይ በደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል እንደተቀረጸ በሰፊው ይነገራል። አንባቢም ስብሐትን በሲራክ ውስጥ እየፈለገ አነበበ። በዚህ የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ጨዋታ ሆነ።

«ኦሮማይ» ግን ጨዋታ አልሆነም። በዓሉ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ በፕሮፓጋንዳው ሥራ ተሳትፏል። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የወጣው ልብ ወለድ በአንደኛ መደብ ይተረካል፤ ተራኪው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው፣ ለዘመቻው ቅስቀሳ አሥመራ የተላከ። ርእሱ ከጣልያንኛ የመጣና በአሥመራ የሚነገር፣ አበቃለት የማለት ያህል ቃል ነው። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ደግሞ ተሰወረ።

ፀጋዬ በዓሉ አይደለም የሚለው የክፍል ውስጥ ደንብ እዚህ ላይ ቀላል መልስ ይመስላል። ለእኔ አይበቃም። የመጽሐፉ መቼት የታወቀ ነው፤ አሥመራ አሥመራ ናት፣ ዘመቻውም በስሙ ተጠርቷል። ዕድሜውን በጋዜጠኝነት ያሳለፈ ሰው፣ በሚያስታውቅ መልክ የሣላቸውን ባለሥልጣናት አንባቢ እንደሚለያቸው አያውቅም ነበር ማለት የዋህነት ነው። ሆኖም መመሳሰልን ማወቅ አንድ ነገር፣ ተራኪውን ከደራሲው ጋር አንድ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ፀጋዬ በሥራው አምኖ ይጀምራል፤ ታሪኩ ሲገፋ እምነቱ ይሸረሸራል። ተራኪው ገና ያልተረዳውን አንባቢው አስቀድሞ የሚረዳባቸው ገጾች አሉ፤ ልብ ወለዱ ትችቱን የሚሠራው በዚያ ርቀት ነው። ሁለቱን አንድ ያደረገ አንባቢ የሚያገኘው የአንድ ባለሥልጣን ቅሬታ ብቻ ነው።

መጽሐፉን የሰበሰቡት ሰዎች እንዲህ ማንበባቸው አያስገርምም። የሚያስገርመው እኛ ወዳጆቹም እንደዚያው ማንበባችን ነው። በክብር ስናነሣው እንኳ «ኦሮማይ»ን የዓይን ምስክር ቃል እናደርገዋለን፤ የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን እንደሆነ ስንቆጥር እናመሻለን፤ ስለ ትረካ አንጻሩ ግን ጥቂት እንጽፋለን። እኔም ለመመረቂያ ጽሑፌ ንድፍ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው ሠንጠረዥ የገጸ ባሕርያትና የእውነተኛ ሰዎች ዝርዝር ነበር፤ በኋላ ተውሁት።

ስብሐት በሲራክ አምሳል ከተሣለ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖሮ በ2004 ዓ.ም. አረፈ። በዓሉ ከተሰወረ በኋላ ግን ከመኪናው በቀር ዱካው አልተገኘም፤ ቤተሰቡም አስከሬኑን ሳይቀብር ቀረ።