ዶክተር ሜሪ ኤንስዎርዝና የሕፃን ልጅ መተማመን

መምህር ተማሪውን የሚቀበለው ልጁ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ልጁ ግን በመምህሩ ፊት ከመቆሙ አስቀድሞ በሌላ ትምህርት ቤት ያለፈ ነው፤ ይኸውም የእናቱ እቅፍ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት የሚገኘው ትምህርት ምን እንደ ሆነ በትዕግሥት መርምረው ካስረዱት ሊቃውንት መካከል ዶክተር ሜሪ ኤንስዎርዝ አንዷ ናቸው። የምርመራቸውም መሠረት የተጣለው በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ሳይሆን በምሥራቅ አፍሪካ፥ በኡጋንዳ መንደሮች ውስጥ ነው።

ሜሪ ሶልተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. (ከዚህ ቀጥለው የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከሦስት ሴቶች ልጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ቤተ ሰቡ ወደ ካናዳ፥ ወደ ቶሮንቶ ከተማ ስለ ተዛወረ ያደጉትና የተማሩት በዚያው ነው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ስለ ሰው ጠባይ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አንብበው ልባቸው ወደ ሥነ ልቡና ትምህርት አዘነበለ፤ በአሥራ ስድስት ዓመታቸውም ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያም መምህራቸው ዊልያም ብላትስ፥ ልጅ በወላጆቹ ላይ እምነት ሲኖረው አዲስ ነገርን ለመመርመርና ለመማር ድፍረት ያገኛል ብለው ያስተምሩ ነበር። ሜሪም ይህንኑ አሳብ ይዘው ጥናታቸውን በመቀጠል በ1939 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተደረገ ጊዜ በ1942 ዓ.ም. በካናዳ ሴቶች የጦር ክፍል ገብተው እስከ ሻለቃነት ደረሱ። ሰላም ከሆነ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው ተመልሰው አስተማሩ፤ በ1950 ዓ.ም. ሌናርድ ኤንስዎርዝን አግብተው ወደ ለንደን ሄዱ። በዚያም በጋዜጣ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ተመልክተው ቢያመለክቱ፥ ከሐኪሙ ከጆን ቦውልቢ ጋር ለመሥራት ተቀጠሩ።

በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሊቃውንት ሕፃን እናቱን የሚወድደው ስለምታጠባው ነው ይሉ ነበር። በሆስፒታሎችም የታመመ ሕፃን ወላጆቹን የሚያየው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ለምግቡና ለመድኃኒቱ እስከ ታሰበ ድረስ ሌላ የሚጎድለው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ቦውልቢና ባልደረቦቻቸው ግን ከእናቱ የተለየ ሕፃን ምግብ ሳይጎድለው እንኳ በኀዘን እንደሚጎዳ ተገነዘቡ። ቦውልቢም የልጅና የእናት ቁርኝት ከወተት ያለፈ፥ በራሱ የቆመ የተፈጥሮ ነገር ነው ወደሚል አሳብ ደረሱ። ዶክተር ኤንስዎርዝ ይህን አዲስ አሳብ በመጀመሪያ ወዲያው አልተቀበሉትም፤ በዓይን ታይቶ መመርመር አለበት የሚሉ ሰው ነበሩ።

የመመርመሪያው ጊዜ በ1954 ዓ.ም. መጣ። ባለቤታቸው በካምፓላ በማኬሬሬ በሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ተቋም ሥራ ስላገኙ አብረው ሄዱ። ዶክተር ኤንስዎርዝም በአቅራቢያው ባሉት መንደሮች የሚኖሩ 26 እናቶችን ከ28 ሕፃናታቸው ጋር ለማጥናት ተነሡ። የሉጋንዳ ቋንቋን ጥቂት ለመዱ፤ አስተርጓሚም ይዘው በየሁለት ሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ፥ በእያንዳንዱም ቤት ሁለት ሰዓት ያህል እየተቀመጡ፥ ዘጠኝ ወር ያህል ተመለከቱ። ሕፃኑን ወደ መርማሪው ክፍል አላስመጡም፤ መርማሪዋ ራሳቸው ወደ ሕፃኑ ቤት ሄዱ እንጂ።

በዚያም ያዩት ነገር አሳባቸውን ለወጠው። መዳኽ የጀመረ ሕፃን ከእናቱ ርቆ ዕቃውን ሁሉ ይነካካል፤ ጥቂት ቆይቶም ዞር ብሎ ያያታል ወይም ወደ እርሷ ይመለሳል፤ ልቡ ሲረጋ ደግሞ እንደ ገና ይሄዳል። እናቲቱ ለእርሱ መነሻውም መመለሻውም ናት። ደግሞም አጥብቶት ለማያውቅ ሰው፥ ለአባቱ ወይም ለሌላ ዘመድ የተቈራኘ ሕፃን ተገኘ። እንግዲህ ነገሩ የወተት ብቻ አለመሆኑ ታወቀ። በመተማመን የሚያድጉትን ሕፃናት እናቶች ሲመረምሩም፥ እነዚህ እናቶች የልጃቸውን ጠባይ በዝርዝር የሚያውቁና ሳይጠየቁ የሚናገሩ ሆነው ተገኙ። እምነት ካልጸናባቸው ሕፃናት እናቶች ብዙዎቹ ደግሞ ክፉዎች አልነበሩም፤ በኑሮ ጭንቀት የተያዙ ነበሩ እንጂ። ይህ ጥናት በ1967 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ።

ከኡጋንዳ በኋላ በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ፥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ፥ በ1963 ዓ.ም. ሌላ 26 ቤተ ሰቦችን ማጥናት ጀመሩ። ሕፃኑ ከተወለደ ሦስት ሳምንት ገደማ ጀምሮ ዓመት እስኪያልፈው ድረስ እያንዳንዱ ቤት ወደ 72 ሰዓት ያህል ተጐበኘ። የባልቲሞር ሕፃናት ግን የእናታቸውን መውጣትና መግባት የለመዱ ስለ ነበሩ፥ በኡጋንዳ የታየው የመለየት ልቅሶ በቤታቸው እምብዛም አልታየም። ስለዚህ ዶክተር ኤንስዎርዝ የሃያ ደቂቃ ያህል ፈተና አዘጋጁ፤ ሕፃኑ ወደማያውቀው ክፍል ከእናቱ ጋር ይገባል፤ እንግዳ ሰው ይመጣል፤ እናቲቱ ጥቂት ወጥታ ትመለሳለች። ዋናው ምልክት ሕፃኑ ሲለያት ማልቀሱ ሳይሆን፥ ስትመለስ እንዴት እንደሚቀበላት ነው። አንዱ ቀርቦ ተጽናንቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል፤ ሁለተኛው እንዳላያት ሆኖ ፊቱን ያዞራል፤ ሦስተኛው ተጠምጥሞባት ሳለ ይቈጣታል፥ መጽናናትንም እንቢ ይላል።

ሕፃን ባለቀሰ ቍጥር ማንሣት ያሞላቅቀዋል የሚለው አስተያየትም በዚሁ ጥናት ተፈተነ። በ1972 ዓ.ም. ከሲልቪያ ቤል ጋር ባወጡት ጽሑፍ፥ ልቅሷቸው ቶሎ መልስ ያገኘላቸው ሕፃናት ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚያለቅሱ ገለጡ። በዚህ ነገር የተቃወሟቸው ሊቃውንት ነበሩ፤ ፈተናው በሌሎች አገሮች በተደረገ ጊዜም በጀርመንና በጃፓን የተገኘው ውጤት ከባልቲሞሩ ስለ ተለየ፥ የየአገሩ የልጅ አስተዳደግ ልማድ መታሰብ እንዳለበት ታወቀ። ይሁን እንጂ የዋናው አሳባቸው መሠረት አልተናወጠም።

ዶክተር ኤንስዎርዝ ቀጥሎ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ ብዙ ደቀ መዛሙርትም አፈሩ። የራሳቸውን ልጅ ሳይወልዱ፥ የሰውን ልጅ በመመልከት ከኖሩ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ሕይወታቸው ለመምህራን የሚተወው ትምህርት ግልጥ ነው። በክፍል ውስጥ ደፍሮ የሚጠይቅ ልጅ፥ ቢሳሳት የሚመለስበት ሥፍራ እንዳለው አስቀድሞ የተማረ ልጅ ነው። የሚፈራው፥ የሚሸሸው ወይም ያለ ምክንያት የሚቈጣው ተማሪ ግን ክፉ ነው ተብሎ ከመፈረዱ በፊት ሊታወቅ ይገባዋል። ሕፃን ከእናቱ ሌላ ለሚረዳው ሰው መቈራኘት የሚችል ከሆነ፥ ጠባዩ የማይለዋወጥና ተማሪውን በስሙና በነገሩ ሁሉ የሚያውቅ መምህርም ለልጁ አንድ መነሻ ሊሆንለት ይችላል። ማወቅም የሚጀምረው በካምፓላ አጠገብ በነበሩት ቤቶች እንደ ተደረገው፥ ቀርቦ በመቀመጥና በትዕግሥት በመመልከት ነው።