ጁዲ ሆሊደይ፦ የዋህ መስላ ኃያላንን የጠየቀችው ተዋናይት

የአንድ ግዙፍ ኩባንያ ባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጧል። የቦርድ አባላቱ የራሳቸውን ዳጎስ ያለ ደመወዝ አጸድቀው ለመበተን ቸኩለዋል። በዚህ መካከል አሥር አክሲዮን ብቻ ያላት አንዲት ሴት ተነሥታ፣ ሊቀ መንበሩ ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያገኙት ምን ሠርተው እንደሆነ በትሕትና ትጠይቃለች። አዳራሹ ይረበሻል።

ይህ እ.አ.አ. በ1956 ለዕይታ የበቃው ‘ዘ ሶሊድ ጎልድ ካዲላክ’ የተሰኘ አስቂኝ ፊልም መነሻ ነው። ጠያቂዋን ላውራ ፓርትሪጅን ሆና የተጫወተችው ጁዲ ሆሊደይ ነበረች። ተመልካቹ በየዋህነቷ ይስቅ እንጂ፣ ተዋናይቷ ራሷ በኃያላን ፊት መቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ከአራት ዓመት በፊት በገዛ ሕይወቷ አይታዋለች።

ከስልክ ማዞሪያ እስከ መድረክ

የትውልድ ስሟ ጁዲት ቱቪም ነው። በሰኔ 1921 በኒውዮርክ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች፤ ለወላጆቿም ብቸኛ ልጅ ነበረች። የቤተሰቧ ስም በዕብራይስጥ ከበዓል መጠሪያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ለመድረክ ስምነት በእንግሊዝኛ በዓል የሚል ትርጉም ያለውን ቃል አንድ ፊደል ጨምራበት ወሰደችው።

ትምህርቷን እንደጨረሰች የገባችው ኦርሰን ዌልስ ከመሠረቱት አንዱ በሆነው በመርኩሪ ቴአትር ነው። ሥራዋ ግን ትወና ሳይሆን የስልክ ማዞሪያ ረዳትነት ነበር። በ1938 ከቤቲ ኮምደንና ከአዶልፍ ግሪን ጋር ዘ ሬቪዩወርስ በተባለ ቡድን ተደራጅታ፣ በኒውዮርኩ ቪሌጅ ቫንጋርድ የምሽት ክበብ ራሳቸው የጻፏቸውን አጫጭር አስቂኝ ድራማዎች ማቅረብ ጀመረች። ገና ስም ያላወጣው ሊዮናርድ በርንስታይንም አንዳንድ ጊዜ በፒያኖ ያጅባቸው ነበር።

ታላቁ ዕድሏ የመጣው በሌላዋ ተዋናይት መቅረት ነው። በ1946 ‘ቦርን የስተርዴይ’ የተሰኘው የጋርሰን ካኒን ተውኔት ብሮድዌይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መሪ ተዋናይቷ ጂን አርተር ተለየች። ጁዲም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቃለ ተውኔቱን አጥንታ ተተካች። የምትጫወታት ቢሊ ዶን፣ የሕዝብ እንደራሴ በገንዘብ ለመግዛት ዋሽንግተን የገባ የቁራሌ ነጋዴ ውሽማ ናት። ሳታነብ የምትፈርማቸው ሰነዶች የእርሱን ቅሌት ይሸፍናሉ። ማንበብ ስትጀምር ግን ጌታዋ መንበርከክ ይጀምራል።

የኮሎምቢያ ፒክቸርስ አለቃ ሃሪ ኮን የተውኔቱን መብት በአንድ ሚሊዮን ዶላር ቢገዛም እርሷን ግን ለፊልሙ አልፈለጋትም። ሐሳቡን ለማስለወጥ በ1949 ከካትሪን ሄፕበርንና ከስፔንሰር ትሬሲ ጋር በ‘አዳምስ ሪብ’ ያሳየችው ብቃት ረዳት። ‘ቦርን የስተርዴይ’ ፊልም ሆኖ በ1950 ወጣ፤ ጁዲም እነ ቤቲ ዴቪስንና ግሎሪያ ስዋንሰንን ቀድማ ኦስካርን ተሸለመች።

በሴኔት ፊት

በዚያው በ1950 ‘ሬድ ቻነልስ’ የተባለ ጽሑፍ 151 የኪነ ጥበብና የመገናኛ ብዙኃን ሰዎችን ከኮሚኒስቶች ጋር ንክኪ አላቸው ሲል ዘረዘረ። የጁዲ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። በመጋቢት 1952 በሴናተር ፓት ማካረን በሚመራው የአገር ውስጥ ደኅንነት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀረበች።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ችሎት ፊት የቆመ ሰው ሁለት መንገድ ይጠብቀው ነበር፤ ወዳጆቹን አሳልፎ መስጠት ወይም እንጀራውን ማጣት። እጅግ ብሩህ አእምሮ እንዳላት የሚነገርላት ጁዲ ሦስተኛ መንገድ ፈለገች። የቢሊ ዶንን ጠባይ ተላብሳ ግራ የተጋባች፣ የፈረመችውን እንኳ የማታስታውስ ሴት ሆና መለሰች። የአንድም ሰው ስም አልሰጠችም። ያም ሆኖ ዋጋ ከፍላለች፤ በፊልም ብትቀጥልም የራዲዮና የቴሌቪዥን በር ለዓመታት ተዘግቶባታል።

ድር ቢያብር

በ‘ዘ ሶሊድ ጎልድ ካዲላክ’ ውስጥ ቦርዱ ላውራን ዝም ለማሰኘት ሥራ ይሰጣታል፤ ለአነስተኛ ባለአክሲዮኖች ደብዳቤ እንድትጽፍ። እርሷም የይስሙላውን ሥራ የምር አድርጋ ትይዘዋለች። ስለ ልጆቻቸውና ስለ ጤናቸው እየጠየቀች ትወዳጃቸዋለች። የኋላ ኋላ እነዚያ ሰዎች የድምፅ ውክልናቸውን ይልኩላታል፤ ሙሰኞቹ ዳይሬክተሮችም በራሳቸው ጉባኤ ይሸነፋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የፊልሙ ቀልድ የቆመው በአክሲዮን ማኅበር አሠራር ላይ ነው፤ የተበታተነ ትንሽ ድርሻ አቅም የለውም፣ በአንድ እጅ ሲሰበሰብ ግን ሊቀ መንበር ያወርዳል። በሪቻርድ ኩዊን የተዘጋጀው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀለም የሚያገኘው ወርቃማው መኪና በሚታይበት የመጨረሻ ትዕይንት ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት የቀድሞ ጓደኞቿ ኮምደንና ግሪን ‘ቤልስ አር ሪንጊንግ’ የተሰኘውን ሙዚቃዊ ተውኔት ጻፉላት። ሥራዋን በስልክ ማዞሪያ የጀመረችው ጁዲ በዚህ ተውኔት የሰው መልእክት የምትቀበል የስልክ ሠራተኛ ሆነች። በ1957 የቶኒ ሽልማትን ስትወስድ ከተፎካካሪዎቿ አንዷ የ‘ማይ ፌር ሌዲ’ዋ ጁሊ አንድሩስ ነበረች። የ1960ው ፊልም ግን የመጨረሻዋ ሆነ።

ከክላርኔት ተጫዋቹ ዴቪድ ኦፐንሃይም ጋር በ1948 የመሠረተችው ትዳር አንድ ወንድ ልጅ አፍርቶ በፍቺ ተቋጭቷል። በኋላ ከጃዝ ሙዚቀኛው ጄሪ መሊጋን ጋር በፍቅርም በሥራም ተጣመረች፤ በ1961 አብረው የቀዱት አልበም ለአድማጭ የደረሰው በ1980 ነው። እርሷ ይህን አላየችም። የጡት ካንሰር ሰኔ 7 ቀን 1965 በኒውዮርክ ሕይወቷን ሲቀጥፈው 44ኛ ዓመቷን ሊሞላት ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

ከ1950 እስከ 1960 በመሪ ተዋናይነት የሠራችባቸው ፊልሞች ሰባት ብቻ ናቸው። በሁለቱ፣ ማለትም በቢሊና በላውራ ታሪክ፣ ገንዘብና ሥልጣን ያላቸው ሰዎች የሚወድቁት ከቁም ነገር ያልቆጠሯት ሴት በምታነሣው ተራ ጥያቄ ነው። በ1952 የጠየቋት ሴናተሮችም ካልቆጠሯት ሴት የፈለጉትን ስም ሳያገኙ አሰናብተዋታል።