ሱሰኛውን እንደ በሽተኛ ያዩት ሐኪም፦ ዶክተር ማሪ ናይስዋንደር

ዶክተር ማሪ ናይስዋንደር እ.ኤ.አ. በ1919 በአሜሪካ፣ በኔቫዳ ግዛት፣ በሬኖ ከተማ ተወለዱ። በ1944 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ሲመረቁ ምኞታቸው በባሕር ኃይል ውስጥ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ መሆን ነበር። ባሕር ኃይሉ ለዚህ ሥራ ሴት አይቀበልም ነበርና በኬንታኪ ግዛት፣ በሌክሲንግተን ወደሚገኘው የመንግሥት የሱሰኞች ሆስፒታል ተመደቡ።

ይህ ተቋም በስሙ ሆስፒታል ቢሆንም አሠራሩ ከእስር ቤት ብዙም የተለየ አልነበረም። ከዚያ ከወጡት መካከል አብዛኞቹ ተመልሰው ወደ መርፌያቸው ይሄዱ ነበር። በ1914 የወጣው ሕግና እርሱን ተከትለው የተሰጡት የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለሱሰኛ አደንዛዥ መድኃኒት የሚያዝን ሐኪም ለክስ ይዳርጉት ስለነበር፣ በሽተኛው ከሐኪም፣ ሐኪሙም ከበሽተኛው ይሸሽ ነበር። ናይስዋንደር ግን አልሸሹም። በኒውዮርክ የአእምሮ ሐኪም ሆነው ሱሰኞችን አከሙ፤ በ1956 ባሳተሙት መጽሐፍም ሱሰኛ ወንጀለኛ ሳይሆን በሽተኛ መሆኑን አስረዱ። ይሁን እንጂ በምክር ብቻ የዳኑት ጥቂቶች መሆናቸውን ራሳቸው አልካዱም።

በ1964 በሮክፌለር ተቋም ከሚመራመሩት ከዶክተር ቪንሰንት ዶል ጋር ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያ የሞከሩት ሞርፊን በየጥቂት ሰዓቱ መወጋትን የሚጠይቅ ሲሆን፣ መጠኑም እየጨመረ የሚሄድ ሆነባቸው። በሽተኛው ከድንዛዜ ወደ ሕመም፣ ከሕመም ወደ ድንዛዜ ሲመላለስ ይውል ነበር። ሜታዶን ግን በአፍ የሚወሰድ ከመሆኑም በላይ አንዱ መጠን ለ24 ሰዓት ያህል ይበቃል። በሰውነት ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ከፍና ዝቅ ማለቱን ሲያቆም በሽተኛው ሐሳቡን ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ መለሰ። የ22 በሽተኞች ውጤት በ1965 ታተመ፤ ሁለቱ ሐኪሞችም በዚያው ዓመት ተጋቡ።

ተቃዋሚዎች አንዱ ሱስ በሌላ ተተካ እንጂ ምን ተገኘ ሲሉ ነቀፉ። ነቀፋው ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም፤ ሜታዶንም ያለ ጥንቃቄ ከተወሰደ ይገድላል። ናይስዋንደር ግን የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊን በመውሰዱ እንደማይወቀስ ሁሉ፣ ሕክምናው ሊመዘን የሚገባው በበሽተኛው ጤንነትና ኑሮ ነው የሚል አቋም ነበራቸው።

ናይስዋንደር በ1986 ዓረፉ። በጋራ መርፌ የሚተላለፈው የኤድስ በሽታ በተስፋፋበት በዚያ ዘመን፣ መርፌን የሚያስጥለው ሕክምና ከፊተኛው ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2005 ሜታዶንን ለሱስ ሕክምና ከሚያስፈልጉ መሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አስገባው።