የዘር ሊቁ የኒኮላይ ቫቪሎቭ አጭር ታሪክ

በቡሌ ደጋ ገብስና እንሰት ጎን ለጎን ሲበቅሉ እያየን ያደግን ተማሪዎች፣ አንድ የመስኮብ ሊቅ ስለ አገራችን እህል ብዙ እንደ ደከመ የሰማነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደናል፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ተወለደ። የእርሻ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፣ ለውርስ ጥናት ጄኔቲክስ የሚለውን ስም ባወጣው በዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። በ1920 ራሱ አንድ ሕግ አቀረበ፤ ይኸውም የሚዛመዱ ተክሎች ተመሳሳይ ልዩ ልዩ ዓይነት ያወጣሉ የሚል ነው። እንግዲህ በዳቦው ስንዴ ጢም የሌለው ዓይነት ካለ፣ በማካሮኒው ስንዴም ሊገኝ ይገባል ማለት ነው። በ1927 ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት። ወደ ሰሜን ሲጓዝም ያንን ስንዴ በገበሬዎቻችን ማሳ ላይ አገኘው።

ካርል ፖፐር የሚባለው ፈላስፋ እንደሚያስረዳን፣ አንድ ሐሳብ ሳይንስ የሚሆነው ስሕተቱ በማስረጃ ሊገለጥ የሚችል ሲሆን ነው። ቫቪሎቭም ሐሳቡን ለፈተና አቀረበ። በስንዴው ጢም ቀናው። የእህል ዓይነት የበዛበት አገር የእህሉ መነሻ ነው ብሎ፣ ኢትዮጵያን የገብስ መነሻ ማድረጉ ግን አልጸናለትም። ገብስ አስቀድሞ የለማው በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑ ኋላ ታውቋል፤ በእኛ ዘንድ ዓይነቱን ያበዛው የምድራችን ልዩ ልዩነትና የገበሬው እጅ ነው። ጤፍና እንሰት ግን የእኛው ናቸው።

እንዲህ ያለው ስሕተት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በአገሩ የደረሰበት ነው። ትሮፊም ሊሴንኮ ጄኔቲክስን የቡርዡዋ ትምህርት ብሎ በመንቀፍ በስታሊን ድጋፍ ገነነ። ቫቪሎቭ በ1940 ተያዘ፤ በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም በጥር 1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ሞተ። በተከበበችው ሌኒንግራድም ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ የተሰበሰበውን ዘር ሳይነኩ በረኃብ አለቁ። ፍርዱ የተሻረለት በ1955፣ ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

እኛም በማኅበራችን ስብሰባ የተከራካሪያችንን ሐሳብ ሳንመረምር ስም ለጥፈንበት የምናልፍበት ቀን አለ። ጭብጨባው ይደምቃል፤ ሐሳቡ ግን ሳይፈተን ይቀራል። የቡሌ ገበሬ ዘሩን የሚለየው ዘርቶና አጭዶ ነው፤ እኛም ከዚህ ያነሰ ልናደርግ አይገባንም።