ዳኛ የሌለው ጨዋታ፦ የኤች. ጂ. ዌልስ ሕይወት



ኤች. ጂ. ዌልስን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሳይንሳዊ ልብ ወለዶቹ ነው። በጊዜ ውስጥ ስለምትጓዝ መኪና፣ ከማርስ ወርደው እንግሊዝን ስላመሱ ፍጡሮች የጻፈው እሱ ነው። እኛ ግን ለዛሬው ዓምዳችን የመረጥነው በ1913 ስላሳተመው አንድ ቀጭን የጨዋታ መጽሐፍ ብለን ነው። እንዴ፣ የጨዋታ መጽሐፍ ለመምህራን ማሠልጠኛ ምን ይፈይዳል የሚል አይጠፋም። እስቲ ጥቂት ይታገሡን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1866 ኬንት በሚባለው የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር፣ ብሮምሊ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆሴፍ መጀመሪያ አትክልተኛ ነበር፤ በኋላ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ ክሪኬት እየተጫወተ በሚያገኘው ገንዘብ ኑሮውን ይደጉም ነበር። እናቱ ሣራ በባለጸጎች ቤት ያገለገለች ሴት ናት። ልጁ በ1874 እግሩ ተሰበረና አልጋ ላይ ዋለ፤ የንባብ ፍቅር የያዘውም ያን ጊዜ ነው። ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ብቻውን ሜዳ ለሜዳ እየዞረ በሐሳቡ ሠራዊት ያሰልፍ፣ ያዋጋ እንደነበር በግል ታሪኩ ላይ ተርኳል።

በ1881 ሳውዝሲ ከተማ ወደሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ መደብር በተለማማጅነት ገባ። ከማለዳ እስከ ማታ ጨርቅ መጠቅለልና ደንበኛ ማስተናገድ ነው ሥራው። ሁለት ዓመት ያህል ተንገፈገፈ። በመጨረሻም አንድ እሑድ ረጅሙን መንገድ በእግሩ ተጉዞ እናቱ የቤት አስተዳዳሪ ሆና ወደምትሠራበት አፕፓርክ ወደተባለው ትልቅ ቤት ሄደና በቃኝ አላት። በ1883 ሚድኸርስት በሚባል ከተማ ትምህርት ቤት እየተማረ የሚያስተምር ረዳት ሆነ። እንግዲህ እኛን ይመስላል ማለት ነው።

በዓመቱ ደግሞ ለንደን ሳውዝ ኬንሲንግተን ወደነበረው የሳይንስ መምህራን ማሠልጠኛ የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘ። አበሉ በሳምንት አንድ ጊኒ ብቻ ስለነበር ብዙ ቀን ሆዱን ሳይሞላ ነው የሚማረው። የመጀመሪያውን ዓመት ሥነ ሕይወት ያስተማረው ስመ ጥሩው ቶማስ ሃክስሊ ነው፤ ዌልስ ይህን ዓመት ዕድሜ ልኩን ሲያመሰግነው ኖሯል። የቀሩትን ዓመታት ግን ሰለቸው፤ በ1887 በጂኦሎጂ ፈተና ወደቀና ያለ ዲግሪ ወጣ። ወደ ዌልስ አገር ሄዶ ማስተማር ጀመረ፤ እዚያም ኳስ ሲጫወት ኩላሊቱ ተጎዳ። ወደ ለንደን ተመልሶ ባስተማረበት አንድ ትምህርት ቤት ከልጆቹ አንዱ ኋላ ታዋቂ የልጆች ደራሲ የሆነው ኤ. ኤ. ሚልን ነበር። የወደቀበትን ዲግሪ በ1890 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በውጭ ተፈታኝነት አገኘ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዌልስ ከዚያ በኋላ የተቀጠረው ተማሪዎችን በደብዳቤ ልውውጥ ለፈተና በሚያዘጋጅ ድርጅት ነው። በ1893 ያሳተመው የሥነ ሕይወት መማሪያ መጽሐፍም የተዘጋጀው ለእንዲህ ዓይነት ተማሪዎች ነበር። ተማሪው ሩቅ አገር ነው፤ እጁን አውጥቶ አይጠይቅም፤ መምህሩም ፊቱን አይቶ አልገባህም እንዴ አይለውም። ስለዚህ ጸሐፊው ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ኋላ ለጨዋታው ሕግ ሲያወጣ ያሳየው ጥንቃቄ ከዚህ ሥራ የተገኘ ይመስለናል። በዚያው በ1893 ከሳንባው ደም ፈሰሰና ክፍል ገብቶ ማስተማሩ በዚሁ አበቃ። ቀጥሎ ልብ ወለዶቹ መጡ፤ ስለ ጊዜ መኪናዋ የጻፈው በ1895፣ ስለ ማርስ ፍጡሮች የጻፈው በ1898 ወጡና ስምና ገንዘብ አገኘ።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ጂፕ የሚባለው በ1901፣ ፍራንክ በ1903 የተወለዱ። ሳንድጌት ከባሕሩ ዳር በነበረው ቤቱ ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ተንበርክኮ በእንጨት ቁራጭ ከተማና ደሴት ይሠራ ነበር፤ ስለዚህም በ1911 አንድ መጽሐፍ አወጣ። ታዲያ አንድ ቀን ምሳ የተጋበዘ ወዳጁ (ደራሲው ጄሮም ኬ. ጄሮም መሆኑ ይነገራል) ከተበተኑት መጫወቻዎች መካከል በሞላ የምትሠራ ትንሽ መድፍ አነሣ። መድፏ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ እንጨት ነው የምትተኩሰው። ወዳጁ አነጣጥሮ አንድ አሻንጉሊት ወታደር ጣለ። ሁለቱ ጎልማሶች ወዲያው ፉክክር ያዙ።

የመጀመሪያው ጦርነት እንደ ምንም ነበር። ኢንሳይክሎፔድያውን ደርድረው አገር ሠሩ፤ ወታደሮቹን አሰለፉ፤ ተታኮሱ። መድፉ ግን ሁሉንም ስለሚገድል ማንም ከመጽሐፉ ጀርባ መውጣት አልፈለገም። ሕግ ያስፈለገው ያኔ ነው። እግረኛ በአንድ ተራ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራመድ፣ ፈረሰኛ የዚያን እጥፍ። አጠገቡ ቢያንስ አራት ወታደር የሌለው መድፍ አይንቀሳቀስ፣ አይተኩስ። ጨበጣ ሲሆንስ? በመጀመሪያ ሳንቲም እየወረወሩ ይወስኑ ነበር፤ በኋላ ተዉትና ሰው በሰው ይጣፋ አሉ። ዘጠኝ ከአሥራ አንድ ቢጋጠም ዘጠኙም ይሞታሉ፤ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ይተርፋሉ። ከወገኑ ተነጥሎ የተከበበ ግን ይማረካል።

የእኛን ቀልብ የሳበው ግን ሌላ ነው። ጥይቱ ወታደሩን ከጣለው ሞተ፤ ይህ ግልጽ ነው። ሳይወድቅ ዘመም ብሎ ጓደኛው ላይ ቢደገፍስ? ድጋፉ ቢነሣ የሚወድቅ ከሆነ ሞቷል ይላል ሕጉ። ጥይቱ ነክቶት ሳይወድቅ ቆሞ ቢቀርስ? ያው ጥይት ቀደም ብሎ ሌላ ሰው ካልገደለ፣ እሱም ሞቷል። ልጆች ሞተ፣ አልሞተም እያሉ ሲጨቃጨቁ ያልሰማ ሰው ይህን ሕግ አይጽፈውም። ለእያንዳንዱ ተራም ጊዜ ተወስኗል፤ ለሠላሳ ሰው አንድ ደቂቃ፣ ለአንድ መድፍ አንድ ደቂቃ። ሰዓቱን የሚይዘው ማነው? ተራው ያልደረሰው ተጋጣሚ ነዋ! ከእሱ የበለጠ ሰዓት የሚጠብቅ ከየት ይገኛል? መጀመሪያ ሠራዊት ሲሰለፍ ደግሞ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እንዳያይ በመካከል መጋረጃ ይጋረዳል።

ይህ ሁሉ ድካም ዳኛን ለማስቀረት ነው። ከዚያ በፊት ወታደሮች የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነበር፤ በ1824 ፎን ራይስዊትዝ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ያሳተመው ነው። በዚያ ጨዋታ ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጣሉ፤ ማን ማንን እንዳየ፣ ማን እንደተሸነፈ የሚወስነው እሱ ነው። ዌልስ በመጽሐፉ መጨረሻ ይህን ጨዋታ ክፉኛ ይተቻል፤ ዳኛው እርምጃ በእርምጃ ጣልቃ ስለሚገባበት ሕይወት የለውም ባይ ነው። እኛ በዚህ ሙሉ በሙሉ አንስማማም። ጥሩ ዳኛ ሕጉ ያላሰበውን ነገር ሲያይ ያስባል፤ ወረቀት አያስብም። ዳኛ የሌለበትን ጨዋታ የሚነድፍ ሰው ግን ፍርዱን ሁሉ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ማስፈር እንዳለበት ከዌልስ በተሻለ ያሳየን የለም።

ዌልስ መጽሐፉን የሚደመድመው ሰላምን በመስበክ ነው። ጄኔራሎቹ ከፈለጉ ወለል ላይ ይዋጉ፣ እውነተኛው ጦርነት ከጨዋታው ጋር ሲተያይ ከመጠን ያለፈ ጅልነት ነው ይላል። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በኦገስት 1914፣ አውሮፓ ተቃጠለች። ዌልስም ጦርነቱን ደግፎ ጻፈ፤ ይህ ጦርነት ጦርነትን ሁሉ ያጠፋል ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ ርእስ ኋላ የዓለም መሣለቂያ ሆኗል። ሰው በሰው ይጣፋ ተብሎ ለአሻንጉሊት የተጻፈው ሕግ በምሽጎቹ ውስጥ በሥጋ ተፈጸመ። ሁለተኛውንም የዓለም ጦርነት አየ፤ ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ከቤቱ አልወጣም አለ። ኦገስት 13 ቀን 1946 በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ።

የወለል ላይ ጨዋታው ግን አልሞተም። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ጋሪ ጋይጋክስ የሚባል ሰው ነበር፤ በ1970 ከኢንሹራንስ ሥራው ተባርሮ ቤቱ ውስጥ ጫማ እየጠገነ ይኖር የነበረ። በ1974 ከዴቭ አርነሰን ጋር ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ አሳተመ። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ሆነው በጨለማ የምድር ውስጥ ዋሻ ይገባሉ፤ ሀብት ይፈልጋሉ፣ ከአውሬ ይዋጋሉ። ዋሻውን በምስጢር የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጨዋታው መሪ። እንግዲህ ዌልስ ያባረረው ዳኛ በትልቁ ተመለሰ ማለት ነው።

መሪ ያላገኘስ ምን ያድርግ? እዚህ ላይ የዌልስ ዘዴ ብቻውን አይበቃም። በእሱ ጨዋታ ባላንጣህ ሰዓትህን ይይዛል፣ ስሕተትህን ያርማል፤ ዋሻ ውስጥ ግን ሁሉም ወገን ነው፣ ባላንጣ የለም። መጋረጃም አይረዳም፤ ከመጋረጃው ጀርባ የሚቀመጥ የለማ። በ1975 ጋይጋክስ በኩባንያው መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ መላ አቀረበ፤ ዋሻው አስቀድሞ አይሠራ፣ እየተሄደበት ይሠራ አለ። ተጫዋቹ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጥላል፤ ቁጥሩን ከሠንጠረዡ ያያል፤ መንገዱ ይታጠፋል፣ ወይም በር ይገኛል፣ ወይም ደረጃ ወደታች ይወርዳል። ክፍሉ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ምን እንዳለበት፣ ሁሉም ከሠንጠረዥ ነው። በዚያው ዓመት ዴቪድ መጋሪ የነደፈው የዋሻ ጨዋታ ደግሞ ያለ መሪ በሰሌዳና በካርድ የሚሄድ ሆኖ ወጣ።

እኛም የዝግጅት ክፍሉ አባላት ባለፈው ቅዳሜ ባለካሬ ወረቀት ይዘን ሠንጠረዥ አውጥተን ሞከርነው። ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ከየት ይምጣ? ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸው ብጥስጣሽ ወረቀቶች ኮፍያ ውስጥ ከተን በዕጣ አወጣን። ሁለት ነገር ታዘብን። አንደኛ፣ ሠንጠረዥ ትዝታ የለውም፤ ሦስተኛው መንገዳችን ዞሮ በመጀመሪያው ክፍል መካከል ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ሁለተኛው ይብሳል። ከመካከላችን አንዱ አውሬ የሚያመጣ ቁጥር ሲወጣበት ወረቀቷ ሁለት ሆና ተጣብቃ ነበር፣ አይቆጠርም አለ። ሁላችንም ልንዋጋ ፈርተን ነበርና ተስማማንለት። አራት ዕጩ መምህራን ሆነን አንድም የተቃወመ አልነበረም። የተጣበቀች ወረቀት ምን ትሆናለች የሚል ሕግ ማታውኑ ጨመርን።

ጋይጋክስ የዌልስን ውለታ አልረሳም። በ2004 ያ የ1913 መጽሐፍ እንደገና ሲታተም መቅድሙን የጻፈው እሱ ነው፤ በዚያም የዌልስ ሕጎች የራሱን ጨዋታዎች ሲነድፍ እንደረዱት መስክሯል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በማርች 2008፣ እሱም በዚያችው በሌክ ጄኔቫ ዐረፈ።