አንሪ ሚኜ እና በቤት የሚሠራው አውሮፕላን

ፈረንሳዊው አንሪ ሚኜ እ.ኤ.አ. በ1893 ተወለደ። ሙያው የሬዲዮ ምሕንድስና ሲሆን፣ አውሮፕላን መሥራትን የተማረው በራሱ ሙከራ ነው። የተለመደው አውሮፕላን እጅንና እግርን አቀናጅቶ መምራትን ስለሚጠይቅ ለተራው ሰው አዳጋች ነው የሚል እምነት ነበረው።

ከዚህ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1933 «ፑ-ዱ-ሲዬል»፣ ማለትም «የሰማይ ቅማል» የተሰኘችውን ባለአንድ መቀመጫ አውሮፕላን አበረረ። ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራችው አውሮፕላን ከፊትና ከኋላ ተቀራርበው የተተከሉ ሁለት ክንፎች ነበሯት፤ የእግር መርገጫ ግን አልነበራትም። አብራሪው የፊተኛውን ክንፍ የሚያዘነብለውም ሆነ የጭራውን መሪ የሚያዞረው በአንድ የእጅ ዘንግ ነበር። ሚኜ እ.ኤ.አ. በ1934 ንድፏንና አሠራሯን በመጽሐፍ አሳተመ፤ በፈረንሳይና በብሪታንያም በርካታ ሰዎች መጽሐፉን እየተከተሉ በየቤታቸው መሥራት ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ ሕይወት የቀጠፉ አደጋዎች ተደጋገሙ። በሁለቱም አገሮች አውሮፕላኗ በሙሉ መጠኗ በነፋስ መፈተሻ ዋሻ ስትመረመር ምክንያቱ ታወቀ። አፍንጫዋ ከተወሰነ ማዕዘን በታች ካዘቀዘቀ፣ በክንፎቹ መካከል የሚያልፈው አየር የኋለኛውን ክንፍ የማንሣት ኃይል ስለሚያበረታ፣ ዘንጉ እስከ መጨረሻው ቢሳብም ቀና ልትል አትችልም ነበር።

ሚኜ የክንፎቹን አቀማመጥ አሻሽሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 እስካረፈ ድረስ በዚሁ የአሠራር ፈለግ ጸንቷል። የሕይወት ታሪኩ እንደሚያስገነዝበው፣ ንድፍን ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ዕውቀትን የሚያበዛውን ያህል፣ ያልተፈተሸ ጉድለትንም በቅጂዎቹ ቁጥር ልክ ያበዛል።