ቂምን በፍቅር ስለ መለወጥ

ጻድቁ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት በቡልጋ፥ ጽላልሽ ዞረሬ በተባለው አገር ከካህኑ ከጸጋ ዘአብና ከእግዚእ ኀረያ ተወለዱ። ገድላቸው እንደሚያስረዳው፥ እርሳቸው ሳይወለዱ የዳሞት ንጉሥ ሞተለሚ አገሩን ወርሮ፥ አባታቸውን አሳድዶ፥ እናታቸውን ሊያገባቸው ማርኮ ወስዶ ነበር፤ እናታቸው ግን በቅዱስ ሚካኤል ረዳትነት ወደ ባለቤታቸው ተመለሱ። ይህን ንጉሥ የወላይታ ሰዎች ሞቶሎሚ እያሉ ከጥንት ነገሥታታቸው ይቈጥሩታል፤ ከሶዶ ከተማ በላይ ያለውም ተራራ እስከ ዛሬ ዳሞታ ይባላል።

ለሥጋዊ ሰው ይህ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቂም በሆነ ነበር። ጻድቁ ግን ክህነት ከተቀበሉ በኋላ ወንጌልን ይዘው ወደዚያው ወደ ዳሞት ሄዱ። ንጉሡ ከገደል እንዲጣሉ አዘዘ፤ እግዚአብሔር ግን አዳናቸው። ከዚህም ሁሉ በኋላ አልሸሹትም፤ አስተምረው አጠመቁት እንጂ። እናታቸውን የማረከው ንጉሥ የመንፈስ ልጃቸው ሆነ።

ምእመናን ሆይ፥ እኛ ስለ አንድ ክንድ ድንበር ለጎረቤታችን ሰላምታ እንነፍገዋለን፤ በዳዩ ራሱ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ጻድቁ ግን ሳይጠብቁ ወደ በዳዩ ደጅ ሄዱ። እንግዲህ ነሐሴ 24 ቀን በዓለ ዕረፍታቸውን የምናከብር ሁሉ፥ ጸበል ጻዲቁን ከመቅመሳችን አስቀድሞ የተጣላነውን ሰው ደጅ እናንኳኳ።